ከሥር ያልመጣ ዝገት

ከሥራ ያስወጣኝ ሙጫ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ዕድሜዬም ደርሷል፣ ጉልበቴም አውቶቡስ ሥር ተኝቼ በተነሳሁ ቁጥር ይንቋቋል፤ ዋናው ግን ሙጫው ነው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ለንደን ወዳለው ጋራዣችን ሲገቡ የጎናቸው ልባስ በብየዳም በቡሎንም ሳይሆን በሙጫ የተያዘ ሆኖ አገኘሁት። ሲጎዳ ይላጣል፣ አዲስ ይለጠፋል፣ በቃ። አለቃዬ ኬን ጨዋ ሰው ነውና ኮርስ ላከኝ። ዕድሜ ልኬን ከመዶሻና ከእሳት ጋር የኖርኩ ሰው፣ ኬክ እንደሚያስጌጥ ቱቦ እየጨመቅሁ ስቆም ራሴን ታዘብኩት። በዚያው ዓመት ጡረታ ጠየቅሁ።

የሸኙኝ ቀን ኬን፣ "ከአንተ በኋላ እዚህ ዝገት የሚያውቅ ሰው የለም" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሊያሞግሰኝ ነው፤ ደስም ብሎኛል። ወደ ቤቴ፣ ወደ ስትሪትሃም በሚወስደኝ አውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ስሄድ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም። በዚያ ጋራዥ ዝገት የሚያውቅ ሰው ከነበረ ጋሽ ተወልደ ናቸው። እኔ የያዝኩት ከእሳቸው የተረፈውን ነው። ጡረታዬን የጀመርኩትም በእሳቸው አውቶቡስ ስለሆነ፣ ስለ ሥራ ዘመኔ ላውራ ስል ከእሳቸው መሸሽ አልችልም።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ጋራዥ ነው። ባትላሜራ ነበርኩ፤ የተጣመመ የመኪና አካል አቃናለሁ፣ የተበላውን ጠግኜ ለቀለም አዘጋጃለሁ። ላሜራ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የእኛ ሙያ ማሳመር ነበር። ዝገት የበላውን ቀዳዳ በስቱኮ እንሞላለን፣ በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፣ ቀለም እንነፋለን። ባለመኪናው መርቆን ይሄዳል። ዝገቱ ከውስጥ ሥራውን አያቆምም፤ ግን የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነውና አይቸኩልም፣ ጉዱ ሳይወጣ መኪናው ሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ለንደን ስመጣ ሼፈርድስ ቡሽ ውስጥ ከአገር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ፣ ቢሮ እያጸዳሁ ቆየሁ። ወረቀቴ ሲስተካከል በደቡብ ለንደን አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ለሙከራ ቀጠረኝ። የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ የአንድ አውቶቡስ የኋላ ፓራፋንጎ ነበር፤ ጎማውን ከላይ የሚከልለው ብረት ጨው በልቶት ወንፊት ሆኗል። እንደ ለመድኩት ሞላሁ፣ አለሰለስኩ። ከምሳ በፊት መስታወት አስመሰልኩት። ኬን ያኔ ወጣት ፎርማን ነበር፤ አይቶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ጸጉራቸው መሸበት የጀመረ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ቀስ ብለው መጡና መዶሻቸውን ገለበጡ። በእንጨቱ እጀታ ጫፍ ሥራዬን ቆርቆር አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ በጠራ አማርኛ፣

"ቆንጆ ነው። አሁን አፍርሰው" አሉኝ።

አማርኛ መናገራቸው ከትችታቸው በላይ አስደነገጠኝ። "ምን ጎደለው?" አልኩ።

"ምንም አልጎደለውም፣ በዝቶበታል። ይሄ አገር ክረምት ሲመጣ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። አንተ የሸፈንከውን ጨው ይገልጠዋል። ስቱኮ ለሙሽራ መኪና ነው፤ ይሄ ሰው ይጭናል።"

ጋሽ ተወልደ የአስመራ ሰው ናቸው። ሙያውን አስመራ ውስጥ ከአንድ ጣሊያን ጋራዥ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ነው የተማሩት። አማርኛቸው የድሮ መማሪያ መጽሐፍ አማርኛ ነው፤ አንድም ቃል አይቆርጡም። እኔ በአራዳ አፍ ቸኩዬ ሳወራ እጃቸውን ያነሱና "ቀስ በል፣ አውቶቡሱ አልሄደም" ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማዳመጥ ነው። ጤነኛ ብረት በመዶሻ እጀታ ሲነካ ይጮሃል፤ የተበላው እንደ ካርቶን ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ የታፈነበትን ቦታ በጠመኔ እከብበዋለሁ። ከዚያ እሳቸው ጠመኔውን ይቀበሉኝና ከእኔ ክብ ውጪ ሌላ ሰፊ ክብ ይስላሉ። "አንተ የከበብከው የተበላውን ነው። ሊበላ የጀመረውስ?" ይላሉ። የምንቆርጠው በእሳቸው ክብ ነው፤ ብረቱ አዲስ ሳንቲም እስኪመስል ድረስ። የሚገጠመውን ላሜራ ማዕዘኑን ሹል አድርጌ ካመጣሁ ይመልሱታል። ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ስለሚጀምር ማዕዘን ሁሉ መክበብ አለበት፣ ማንም በማያየው ቦታ እንኳ። ስንበይድ አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ከማዶ፣ እያቀያየርን ነው፤ በአንድ መስመር ከሄዱበት ላሜራው ሙቀቱን አይችልም፣ ይጣመማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው መውጫ ነው። የዘጉትን ሁሉ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለታል። "ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኛ መውጫውን እናብጅለት" ይሉ ነበር። ሁለተኛው መዳፋቸው ነው። የተቀባውን ብረት ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ያሳርፉበታል፣ ትንሽ ይቆያሉ። "ደርቋል" ካሉ አውቶቡሱ ይወጣል። ካላሉ አይወጣም። አንድ ጊዜ የጠዋት መስመር አውቶቡስ ጎድሎ ኬን ጸጉሩን ሲነጭ፣ ጋሽ ተወልደ እጃቸውን ብረቱ ላይ እንዳሳረፉ ዝም ብለው ቆሙ። ኬን ለፈለፈ፣ ደከመው፣ መጨረሻ ላይ እሱም መጥቶ እጁን አጠገባቸው አሳረፈ። በኋላ በኋላ ቃሉን ለምዶት "ደርኳል?" እያለ ይጠይቀን ነበር። ሚስታቸው እትዬ ለተብርሃን እንደሚሉት ጋሽ ተወልደ ቤትም እንዲሁ ናቸው፤ የታጠበ ሸሚዝ እንኳ መዳፋቸውን አሳርፈው "ደርቋል" ካላሉ ከገመድ አይወርድም።

የሁለታችን አገሮች ጦርነት ሲነሳ ለንደን ያለነውም ለሁለት ተከፈልን። በአንድ ሱቅ ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። እኔና ጋሽ ተወልደ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ አውቶቡስ ሥር ጎን ለጎን ተኝተን ነው የምንውለው፤ ወዴት እንሸሻለን? ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እትዬ ለተብርሃን የሚቋጥሩላቸውን ምሳ እንደ ወትሮው ለሁለት ይከፍሉና የሚበዛውን ወደ እኔ ይገፉታል። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ግንባር ላይ መሞቱን ሰምቼ ሥራ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ተወልደ ፊቴን አዩት፣ የብየዳውን እጀታ ከእጄ ወሰዱ። "ዛሬ አትበይድ። ጠመኔውን ያዝ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ክብ ስስል ዋልኩ። በሕይወቴ ከተደረገልኝ ደግነት ሁሉ ያንን የሚያክል አላስታውስም።

ጋሽ ተወልደ ጡረታ ሲወጡ ጋራዡ አንድ አሮጌ፣ ፎቅ የሌለው አውቶቡስ ከአገልግሎት አስወጥቶ ነበርና ገዙት። ሰው ሁሉ ጃጁ አላቸው። እሳቸው ምክንያት ነበራቸው። እትዬ ለተብርሃን በሳንባቸው ምክንያት አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ሐኪም ከልክሏቸዋል፣ እግራቸውም ያብጣል፤ አገር ቤት መሄድ የማይታሰብ ሆነ። "እሷ ወደ ቤቷ መሄድ ካልቻለች ቤቷ አብሯት ይሂድ" አሉ ጋሽ ተወልደ። ወንበሮቹን ነቅለው አልጋ ገጠሙ፣ ምድጃ አስገቡ፣ መስኮቱ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ አበጁ። በየበጋው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ካለው ፍላታቸው ወጥተው ወደ ሄስቲንግስ፣ ባሕር ዳር ይነዳሉ። እትዬ ለተብርሃን ያደጉት ምጽዋ ነው። አውቶቡሱን ከባሕሩ ፊት አቁመው፣ በሩን ከፍተው፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። "ምጽዋን ብርድ መትቷት ነው" ይላሉ እትዬ ለተብርሃን። በየዓመቱ ይህችኑ ይላሉ፣ ጋሽ ተወልደም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ጥቂት ዓመት እንደሄዱበት የአውቶቡሱ ሥር መዛግ ጀመረ። የጋሽ ተወልደ ዓይን ያኔ ደክሞ ስለነበር እኔን ጠሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሠራሁት፤ ለአባቴ ቤት ብሠራ ከዚያ በላይ አልጠነቀቅም ነበር። ወለሉን የሚሸከሙትን፣ እንደ አሸንዳ ጎድጓዳ የሆኑ አግዳሚ ብረቶች ከሥር ሆኜ ቆረቆርኩ፣ ከበብኩ፣ ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩ፣ አዲስ በየድኩ። ቀዩን ጸረ ዝገት ቀባሁ። በላዩ ላይ ሬንጅ የሚመስለውን ጥቁር ወፍራም ቅብ ከዳር እስከ ዳር ለበጥኩበት። ጠብታ የምታሾልክ ክፍተት አልቀረችም።

ጋሽ ተወልደ ተንበርክከው እጃቸውን ወደ ሥር ሰደዱ። "ደርቋል" አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ "መውጫ ትተህለታል?"

"ጋሽ ተወልደ፣ እዚህ ውሃው የሚመጣው ከሥር ነው እኮ፣ ጎማው ነው የሚረጨው። ቀዳዳ ብተውለት በዚያው ይገባል። ከላይ ደግሞ ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ ምን ውሃ አለ?"

ዝም አሉ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አዩ፤ እትዬ ለተብርሃን አልጋው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። "እሱስ እውነትህን ነው" አሉኝ። በሥራ ላይ ክርክር ለቀውልኝ ስለማያውቁ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው በጋ፣ ዓይናቸው ጨርሶ ስለደከመ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እነሱ ከኋላዬ ቀበቷቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ከለንደን ወጥተን መንገዱን አጋምሰን ስንሄድ ከኋላ አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረ። ዳር ይዤ ወረድኩ። የአልጋው እግር ወለሉን በስቶ ወጥቷል፤ ከሥሩ የነበረው አግዳሚ ብረት ተገንጥሎ ጎማው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ብየዳዬ እንዳለ ነው። የተፈረፈረው ከብየዳው አጠገብ ያለው፣ እኔው የገጠምኩት አዲሱ ብረት ነው። የልጅ ብስኩት ይመስል ነበር።

ጋሽ ተወልደ እንደምንም ሳሩ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ወደ ሥር ተሳቡ። ተዉ ብላቸው አልሰሙኝም። የተሰበረውን ጠርዝ በመዳፋቸው ያዙት፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"ብየዳህ ጥሩ ነው። ይሄ ከሥር የመጣ አይደለም" አሉኝ።

"ታዲያ ከየት ነው?"

"ተወው።"

ከበላያችን የእትዬ ለተብርሃን ከዘራ ወለሉን ሲነካ ይሰማል። "ምንድን ነው እሱ?" ብለው ሲጠይቁ ጋሽ ተወልደ፣ "ምንም አይደለም፣ ቡሎን ነው" አሉ።

ጎታች መኪና መጣ። ባሕሩን ሳናይ ተመለስን። አውቶቡሱ ክሮይደን አጠገብ አሮጌ መኪና በሚቆምበት አንድ ያርድ ውስጥ እንደቆመ ቀረ፤ ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ተወልደ አረፉ። ጠግኜ የሸኘኋቸውን አውቶቡሶች ሁሉ አንድ ላይ ባቆማቸው ያችን መንገድ ዳር የቆመችውን አንዷን አያስረሱኝም። ለሰውየው የመጨረሻ በጋቸው ነበር፣ እኔ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ አስቀረኋቸው። "ከሥር አይደለም" ያሉትንም ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንታት ውስጥ እትዬ ለተብርሃን ደወሉ። ባለቤቴ አልማዝ ስልኩን ስታቀብለኝ ፊቷ በራ፤ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ የበር ማጠፊያ ሁሉ እየፈታሁ ዘይት መቀባቴ ሰልችቷት ነበር።

"አበራ፣ ያርዱ ሊሸጥ ነው አሉኝ" አሉ እትዬ ለተብርሃን። "እስከ ኦገስት መጨረሻ ባሱን ካላነሳን ቆራርጠው ይጥሉታል።"

"ገዢ ላፈላልግልዎት?"

"የምን ገዢ? ባሕሩ ጋ ትወስደኛለህ። ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ያድርጉት።"

ሰማንያን አልፈዋል። ደረጃ ሲወጡ በየመካከሉ ይቆማሉ፤ ቦርሳቸው ውስጥ የመተንፈሻ መድኃኒት አይጠፋም። ለሌላ በጋ መድረሳቸውን እሳቸውም እኔም እርግጠኛ አይደለንም። "በመኪናዬ ልውሰድዎት፣ ባቡርም አለ" አልኩ።

"በባቡርማ የቤተ ክርስቲያን ልጆችም ይወስዱኛል" አሉኝ። "እሱ ባቡሩ ውስጥ የለም።"

በማግስቱ መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። የሚጠበቅብኝ ግልጽ ነበር፤ ወለሉን መልሼ ማቆም፣ አውቶቡሱን ኤም ኦ ቲ በሚሉት ዓመታዊ ምርመራ ማሳለፍ፣ ያርዱ ሳይዘጋ እሳቸውን ባሕር ማድረስ። ከዚያም በላይ፣ ያ ብረት ለምን እንደተበላ ካላወቅሁ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሰበር ነው የምሠራው።

እትዬ ለተብርሃን ሚኒካብ ታክሲ ይዘው እየመጡ፣ ያርዱ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ይቀመጡ ነበር። ብርድ ነው፣ አቧራ ነው፣ ብላቸው አይሰሙም። "መዶሻው ሲጮህ እሱ የሚሠራ ይመስለኛል፤ ዝም ብለህ ሥራ" ይሉኛል።

ከሥር አንድ ጊዜ ተዋርጄበታለሁና በዚህኛው ከላይ ጀመርኩ። ከአልጋው እስከ ወለሉ የሚወርደውን መጋረጃ ገለጥኩ። ከአልጋው ሥር ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ጸበል ነው፣ እትዬ ለተብርሃን በቋንቋቸው ማይ ጨሎት የሚሉት። ከቤተ ክርስቲያን ተሞልቶ ይመጣል፣ ጠዋት ጠዋት ያበጠ እግራቸውን ያስነኩታል። ባሱ ያርድ ከገባ ጀምሮ ማንም ሊነካው አልደፈረም። ተሳልሜ አንድ በአንድ ሳወጣ፣ ከሥራቸው ከላሜራ የተሠራ ሰፊ ትሪ አገኘሁ። ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሟል፣ ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ለጀሪካን ማስቀመጫ ማዕዘን የሚያከብብ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

ትሪውን ሳነሳ ከሥሩ ያለው የወለሉ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶው፣ ጠቁሮ ጣቴ ሥር ፈረሰ። ከኮምፔንሳቶው ሥር ደግሞ የእኔ አግዳሚ ብረት አለ። ከሥር ጥርቅም አድርጌ ስለለበጥኩት ከላይ የወረደውን ውሃ እንደ ገንዳ ይዞ ተቀምጦ ነበር። መውጫ አልተውኩለትም። ውሃው መሄጃ ሲያጣ አዲሱን ብረት ከውስጥ በላው። ጋሽ ተወልደ ሳሩ ላይ ተኝተው በመዳፋቸው ያነበቡት ይህንን ነው።

ግን ትሪው እያለ ውሃው በየት ሾለከ? ትሪውን ደጅ አውጥቼ ጡብ ላይ አስቀመጥኩና የቧንቧ ውሃ ሞላሁት። ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ከአንዱ ማዕዘን፣ ብየዳው ከሚገናኝበት፣ አንዲት ጠብታ አበጠችና ወደቀች። ሌላ ተከተለች። መርፌ የማታህል ቀዳዳ ናት፤ የሚያይ ዓይን አያልፋትም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ቤት ውስጥ ምን ውሃ አለ ብዬ በተከራከርኩ ጊዜ ዝም ያሉት ውሃ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ሚስታቸውን ላለማሳፈር ተረቱልኝ። ከዚያ ብቻቸውን፣ በደከመ ዓይናቸው፣ ትሪውን በይደው፣ በጣታቸው ዳብሰው፣ ደህና ነው ብለው ከጀሪካኑ ሥር ደበቁት። አጠገቤ የወደቀ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"አበራ፣ ምን አገኘህ?" አሉ እትዬ ለተብርሃን ከወንበራቸው።

እውነቱን ብናገር እኚህ ሴት የባላቸውን የመጨረሻ ጉዞ ያስቀረው የእሳቸው ጸበል መሆኑን ይሰማሉ፣ በዚህ ዕድሜ። "ዝገት ነው" አልኩ።

"ዝገት ስታገኝ ተቀምጠህ አታለቅስም ነበር። አምጣው እስቲ።"

ውሃውን ደፍቼ ወሰድኩላቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው የመዶሻውን ምልክት በጣታቸው ተከተሉት። "የእሱ ነው። ይሄን መቼ ሠራው?"

"አላውቅም። ከጀሪካኖቹ ሥር ነበር።"

ትሪውን ጭናቸው ላይ አገላበጡት። "አንደኛው ጀሪካን ክዳኑ አይገጥምም ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ባሱ ሲሄድ እየተናጠ ይፈሳል። ወለሉ ላይ አየው ነበር። ታዲያ ጸበል በሞፕ ይጠረጋል? ሰው የረገጠው በሚጠረግበት ጨርቅ? ራሱ ይደርቃል እያልኩ እተወዋለሁ።"

ምን ይባላል? እኔም ብሆን አልጠርገውም፤ እናቴም አትጠርገውም ነበር። ኬን ቢሆን ኖሮ ከአልጋው ሥር ምን እንዳለ ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን የራሴ ፍሪጅ በር ላይ የጸበል ጠርሙስ ያለኝ ሰው፣ እግራቸው ከሚያማቸው ሴት አልጋ ሥር ምን እንደሚቀመጥ መጠየቅ አልመጣልኝም።

"አንድ ቀን እንኳ አንሺው አላለኝም" አሉ እትዬ ለተብርሃን።

"እንዴት ብለው ይበሉዎት?"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ዕድሜ እግራቸውን እንጂ ጭንቅላታቸውን አልነካውም። "ይሄ ካለ ታዲያ ወለሉ ለምን ተበላ?"

"በእኔ ነው። ከሥር መውጫውን ደፍኜዋለሁ።"

ውሸት አልነበረም። እሳቸው ግን ትሪውን ወደ ብርሃኑ አነሱት። ማዕዘኑ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። በጣታቸው ነኳት።

"አትሸፋፍንለት" አሉኝ። "ዓይኑ እንደደከመ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሻይ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጪ ያፈስ ነበር። ሳያውቅ ቶሎ እጠርገዋለሁ። ከጠረግሁ በኋላ ደግሞ 'ጎበዝ፣ ጠብ አላደረግህም' እለዋለሁ።"

ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ለቅሶ። መድኃኒታቸውን አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ ጀርባቸውን አሸሁ። ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ "እሱ ያፈሰሰውን እኔ ስደብቅ፣ እኔ ያፈሰስኩትን እሱ ሲደብቅ፣ መሀል ላይ ባሱ ተበላ" አሉ። ቀጥለውም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ "ጠግነው። ይሄንንም አትጣለው" ብለው ትሪውን መለሱልኝ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት እንደ ወጣትነቴ ሠራሁ። አግዳሚውን ቆረቆርኩ፣ የራሴን ክብ ሳልኩ። ከዚያ ትንሽ ቆሜ፣ ከውጪ በኩል የእሳቸውን ክብ ሳልኩላቸው፤ የቆረጥኩት በእሱ ነው። አዲሱን ብረት ማዕዘኑን አክብቤ፣ ነጥብ በነጥብ እያቀያየርኩ በየድኩት። የትሪውን የድሮ ብየዳ ግን አልነካሁም፤ ቀዳዳዋ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ጨመርኩ። እዚያ ሽማግሌ ብየዳ ላይ የእኔ ነጥብ ተቀምጣ ሳያት ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ መግለጽ አልችልም። አዲስ ኮምፔንሳቶ አነጠፍኩ፣ ብረቶቹን ሁሉ ከታች መውጫ አበጀሁላቸው።

"ይሄ ቀዳዳ ወዴት ነው የሚያፈሰው?" አሉ እትዬ ለተብርሃን።

"ወደ መንገዱ።"

"ጸበል መንገድ ላይ ይረገጣል?"

ከትሪው ሥር ባለው መውጫ ላይ ትንሽ ቱቦ ቀጥዬ ወደ አንድ ንጹሕ ጠርሙስ እንዲወርድ አደረግሁት። የኤም ኦ ቲ መርማሪው ባሱን ዙሪያውን መብራት እያበራ አይቶ፣ ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የውሃ መውጫ ነው አልኩት። ብየዳውን በጣቱ ዳበሰ፣ ቱቦውን ሳብ አድርጎ አየ። "ሰው እንዲህ ቢጠነቀቅ ጥሩ ነበር" ብሎ አሳለፈን። እትዬ ለተብርሃን የሰውዬውን ስም ጠይቀው ጸሎታቸው ውስጥ አስገቡት።

ያርዱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ተነሳን። የጋሽ ተወልደ ወንበር ባዶ ነው፤ እትዬ ለተብርሃን ቦርሳቸውን እንኳ አላስቀመጡበትም። ያቺ መንገድ ዳር ጋ ስንደርስ ሳላስበው ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"እዚህ ነው?" አሉኝ።

"እዚህ ነው።"

"ንዳው።"

ሄስቲንግስ ስንደርስ ደመና ነበር። ባሱን ከባሕሩ ፊት አቆምኩት፣ በሩን ከፈትኩ። ንፋሱ መጋረጃውን አነሳው። እትዬ ለተብርሃን ባሕሩን ብዙ አዩት። "ዛሬም ብርዱ አልለቀቃትም" አሉ። የሚስቅ ሰው የጠበቁ ይመስል ወደ ባዶው ወንበር ዞር አሉ፤ እኔ ሳቅሁላቸው።

ከዚያ ወደ አልጋው ውሰደኝ አሉኝ፣ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ከዘራቸውን አቀበሉኝ። አልጋውን በአንድ እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ሊወድቁ ነው ብዬ ልይዛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ ትሪው አጠገብ፣ አዲሱ ወለል ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ እንደ ድሮው፣ ትንፋሼን ይዤ።

"ደርቋል" አሉ።